በ1000 ሲሲ ቪትዝ የትራክ ቀን፦ የዝግጅቱና የቀኑ ማስታወሻ፣ ጅማ

ጥቅምት መጨረሻ፦ መኪናዋና ቦታው

ለትራክ ቀን፣ ማለትም የራስን መኪና ለትራፊክ በተዘጋ ቦታ እስከ አቅሟ ለመንዳት፣ የማዘጋጃት መኪና የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ ናት። 997 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል። ከፋብሪካ ስትወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት፣ እሱም ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከ15 በመቶ ያላነሰ ጉልበት ያጣል። የሞተሩን እድሜ ሳንቆጥር እንኳ እጄ ላይ ያለው ከ60 ፈረስ በታች ነው። ሌላ ሥራም አላት፦ ጠዋት እኔን ቢሮ ታደርሳለች፣ ቅዳሜ አስቤዛ ትሸከማለች። ሰኞም ይህንኑ መሥራት መቻል አለባት። የዝግጅቱ ወሰን ይኼው ነው።

አውሮፓ ውስጥ በትራክ ቀን (ትራክ ዴይ) እንዲህ ያለ መኪናም ቦታ አለው። ውድድር አይደለም፤ ሰው ከፍሎ ይገባል፣ የገዛ መኪናውን ይነዳል፣ ብዙ ጊዜ ሰዓት መያዝ ራሱ ክልክል ነው። በፈረንጆቹ 1927 የተከፈተውና 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጀርመኑ የመኪና ውድድር ትራክ ኑርቡርግሪንግ እንኳ ለተራ መኪና የሚከፈትበት ቀን አለው። እኛ ያለን የአጋሮ መንገድ ነው። ኩርባው ደስ ይላል፣ ግን ከኩርባው ጀርባ ባጃጅ፣ ከብት ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ። እዚያ መንገድ ላይ መኪናው እስከ ምን ድረስ እንደሚይዝ የሚፈትን ሰው በሌላ ሰው ሕይወት ነው የሚፈትነው። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

በሰርቦ መውጫ በኩል አንድ የቡና መጋዘን ግቢ ተገኘ። ለከባድ መኪና ማቆሚያ አስፋልት የተነጠፈ፣ ዙሪያው ግንብ፣ ርዝመቱ 140 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 60። ጊዜው የቡና ስለሆነ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በአይሱዙ ይጨናነቃል፤ እሑድ ባዶ ነው። ባለቤቱ የፈቀዱልን በሁኔታ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ፣ ሹፌሩ ሄልሜት ያደርጋል፣ ተሳፋሪ የለም፣ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ይቆማል። እኛ ደግሞ ከግንቡ 15 ሜትር ውስጥ ምንም ምልክት እንዳይቀመጥ ጨመርን። የኢንሹራንስ ውሌን አውጥቼ አነበብኩ። ውድድርና የፍጥነት ሙከራ አይሸፈንም ይላል፤ ግቢው ውስጥ የሚደርስ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ከኪስ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ከስር ማየት

አጂፕ አካባቢ ያለ ጋራዥ ወስጄ ክሪክ ላይ ወጣች። መካኒኩ ከመንገር በፊት መነቅነቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ጎማውን በሁለት እጃቸው ከላይና ከታች፣ ቀጥሎም ከግራና ከቀኝ ያዙና አወዛወዙ። ከላይና ከታች ምንም የለም፤ ኩሽኔታው ደህና ነው። ከግራና ከቀኝ ግን የግራው ጎማ ቀጭን "ጠቅ" አለ።

"ይኼ ቴስቲና ነው ልጄ፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው። በከተማ ፍጥነት አትሰሚውም። አንቺ ያሰብሽው ቦታ ግን መሪው ላይ ይመጣብሻል።"

ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ የብራቾው፣ ጎሚኒዎችም (የላስቲክ ማገናኛዎቹ) ተሰነጣጥቀዋል። ጎሚኒ ሲያልቅ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናው የተስተካከለበት አንግል ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ጎማ አሰለፍኩ ማለት ዋጋ የለውም። ቴስቲናና ጎሚኒ ከነ እጅ ዋጋው 4600 ብር ገደማ ወሰደ። የኋላ አምርዛተሮቹ፣ ንዝረቱን የሚያበርዱት፣ ዘይት እያፈሰሱ ነበር፤ ጥንዱ 7500 ብር።

ትልቁን ጊዜ የፈጀው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች መኪና ጃፓን ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር፤ ወደ ግራ የተዛወረው ከመግባቷ በፊት ነው። እንዲህ የተቀየረ መኪና ያለው ሰው ምንም ከማሰቡ በፊት መሪው የታሰረባቸውን ቡሎኖች፣ የመሪውን ዘንግ መጋጠሚያና የፍሬን ፔዳሉ ከፓምፑ ጋር የተገናኘበትን ቦታ በባትሪ መብራት ያስመርምር። የኔው ላይ ብየዳው ንጹሕ ነው፣ አንድ ቡሎን ግን ሩብ ዙር ያህል ጠበቀ። ቡሎኖቹ ሁሉ በነጭ ቀለም ተሰመረባቸው፤ ሲላላ መስመሩ ይሰበርና ይታያል።

ኅዳር አጋማሽ፦ ፍሬን

የደካማ ሞተር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። ፍጥነት ከሌለ ፍሬንም አይደክምም ይላሉ። እውነቱ ግማሽ ነው። ፍሬን የሚውጠው ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው፦ ከ60 ማቆም ከ40 ከማቆም ሁለት ጊዜ ከሩብ ይበልጣል። ቪትዝ ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር ነው፤ ዲስኩም ትንሽ ነው። በየደቂቃው ከ60 ሲረገጥ ለመቀዝቀዝ ፋታ የለውም። የግቤን ቁልቁለት ከከባድ መኪና ኋላ የወረደ ሰው የጋለ ፍሬን ምን እንደሚሸት ያውቃል።

መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱ ተቀየረ። ከፊት የወጣው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውሃ በገባበት ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠግብ መለኪያው 140 ነው። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። ዘይቱ ከፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ጅማ ዝናብ የማይጠፋባት ከተማ ስለሆነች ይህን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ለማንም ተራ ነጂ የምመክረው ነገር ነው። ሁለት ግማሽ ሊትር ዶት 4፣ 1500 ብር። አየሩን ያስወጣነው ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ነው፤ ረዳቱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ መካኒኩ ከስር ሆነው "ርገጥ፣ ርገጥ!" ይላሉ።

ሸራው ላይ፣ ማለትም ዲስኩን ጨብጦ በሚያቆመው ክፍል ላይ፣ ችግር ገጠመን። ሄርማታ አካባቢ ከአንድ ሱቅ የተገዛው ሸራ ካርቶኑ የታወቀ ስም አለው፣ ጽሑፉ ግን ከአንዱ ወገን ከሌላው ይለያል። መካኒኩ ጠርዙን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጫር ሲያደርጉት እንደ ዱቄት ረገፈ። ባለ ሱቁ መልሶ ወሰደው፣ ልዩነቱን ጨምሬ ሌላ ያዝኩ፤ 2800 ብር። አዲስ ሸራ ማለማመድም ይፈልጋል። መንገድ ባዶ በሆነበት ንጋት ከ60 ወደ 10 በመጠነኛ ርግጫ እየደጋገሙ ማውረድ፣ ሙሉ በሙሉ አለማቆም፣ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ነድቶ ማቀዝቀዝ። የጋለ ሸራ ዲስክ ላይ ተጣብቆ ከቆመ ምልክቱን ይተዋል፣ በኋላ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ከፍታው ያመጣዋል። የፍሬን ረዳቱ፣ የእግርን ርግጫ የሚያግዘው መሣሪያ፣ የሚሠራው በአየር ግፊትና በሞተሩ ቫኩም ልዩነት ስለሆነ አየሩ በሳሳበት ቦታ እርዳታው ይቀንሳል። ብዙ አይደለም፣ ግን እግር ጠንከር ማለት አለበት።

ኅዳር መጨረሻ፦ ሞተሩ

አልነካነውም። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ሌላ የለም፤ 4000 ብር። ማርሚታውን ክፈቺው ያሉ ነበሩ፤ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን አውልቂው ያሉም። ሣጥኑ ቢወልቅ ሞተሩ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር በመሳብ ፈንታ ኮፈኑ ስር የጋለውን አየር ይስባል፣ ድምፁ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። በማርሚታው ቢበዛ አንድ ሁለት ፈረስ ይገኝ ይሆናል። ያንን ገንዘብ ጎማ ላይ ያዋለ ሰው በእያንዳንዱ ኩርባ ያገኘዋል።

ያየነው የራዲያተሩን ክዳን ነው። ጅማ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተሩ ደግሞ መደበኛ ሥራውን የሚሠራው እዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ስለሆነ የክዳኑ ጎማ የደረቀበት መኪና ከባሕር ጠለል ብዙ በማይርቅ ዝቅተኛ ቦታ ያለ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውን ችግር እዚህ ያገኘዋል። የኔው ጎማ ደርቆ ነበር፣ ተቀየረ።

ታኅሣሥ፦ ሚዛንና ጎማ

ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ሚዛን አለ። በ20 ኪሎ እየዘለለ ነው የሚያነበው፣ ለቡና ይበቃል፣ ለእኛም በቃ። ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ የኋላ ባጋጁ ዕቃ ሁሉ ወረደ፤ ታንኩ ግማሽ፣ እኔ ውስጥ። ሙሉዋ 900 አለ። የፊት ጎማዎቿን ብቻ ሚዛኑ ላይ ስናወጣ 560። ከክብደቷ 62 በመቶው ፊት ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ካየሁ በኋላ ብዙ ነገር ገባኝ፦ የፊት ጎማዎቹ ይጎትታሉ፣ ይታጠፋሉ፣ አብዛኛውን ፍሬን ይይዛሉ፣ ከዚያም ላይ ክብደቱን ይሸከማሉ። ኋላዎቹ ሥራ ፈት ናቸው።

ከመንዳታችን በፊት መጥረግ ነበረብን። አስፋልቱ ላይ የቡና ገለባ አለ፣ ቀጭን፣ ደረቅ፣ በዓይን አቧራ የሚመስል። ጫማ ላይ እንኳ ያንሸራትታል። በመጥረጊያ የማይነሳው ስንጥቅ ውስጥ የገባው ነው፤ እሱን ከጥበቃው በተዋስነው የውሃ ጎማ አጠብነው። ለምልክት የትራፊክ ኮን ስላልነበረን ባዶ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ተጠቀምን፣ ነፋስ እንዳይወስደው ውስጡ ጥቂት አሸዋ። መኪና ቢመታው አይጎዳም፣ ሲወድቅም ከሩቅ ይታያል።

መስመሩ፦ በቀጥታው ላይ ስላሎም (በጀሪካኖቹ መካከል ግራ ቀኝ እየተጠማዘዙ ማለፍ)፣ በስተመጨረሻው ሰፊ መዞሪያ፣ ተመልሶ ረዘም ያለ የግራ ኩርባ፣ ከዚያ ጠባብ ዞሮ መመለሻ፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ፍሬን ተይዞ የሚቆምበት ሣጥን።

ጎማው 165/70 አር 14 ነው፣ ተራ የመንገድ ጎማ፣ ገና ጥርስ ያለው። ጎሚስታው ከሰጠን የአየር መለኪያ ሌላ የተጠቀምነው መሣሪያ የትምህርት ቤት ጠመኔ ነው። የጎማው ትከሻ ላይ፣ ጥርሱ ከሚያልቅበት እስከ ጎኑ ድረስ፣ ወፍራም መስመር ይሰመራል። ዙር ተነድቶ ሲመጣ ጠመኔው የጠፋበት ቦታ ጎማው ምን ያህል እንደተንከባለለ ይናገራል። ትከሻው ላይ ያለች ትንሿ የሦስት ማዕዘን ምልክት ድንበር ናት። በ32 ፒኤስአይ የአየር ግፊት የፊት ጎማዎቹ ጠመኔ ከምልክቷ አልፎ ጎኑ ድረስ ተፋቀ፤ ጎማው በጎኑ ነበር የሚሄደው። በ35 ትንሽ ተሻለ። በ38 ጠመኔው ልክ ምልክቷ ጫፍ ላይ ቆመ። መሪውም ወዲያው ተለወጠ፣ የዘገየ መልስ የነበረው ፈጠነ። ጎማ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከተነዳ በኋላ እንደገና ተለክቶ ትርፉ ይተነፍሳል።

ያም ሆኖ ጠባቡ መዞሪያ ላይ አፍንጫዋ ወደ ውጭ መሄዱን አልተወም። አንደርስቲር የሚሉት ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ የኋላውን ጎማ ወደ 36 ማሳደግ ነበር፤ ኋላው ትንሽ ሲላላ አፍንጫው ወደ ውስጥ ይገባል። ሠራ፣ ግን በከፊል። ሁለተኛው ወደ አንደኛ ማርሽ መቀነስ፤ ጨርሶ አልሠራም። ማርሹ ለመግባት ይታገላል፣ ሲገባ ፊቱን ይነጥቃል፣ ሰዓቱም ይባስ ረዘመ። ሦስተኛው መስመር መቀየር ነው። ቀድሞ ፍሬን መያዝ፣ ሰፋ አድርጎ መግባት፣ መዞሩን ማዘግየት፣ ጀሪካኑን በመውጫው በኩል ታክኮ ማለፍ። በሁለተኛ ማርሽ ፍጥነቱ ከ25 ሳይወርድ መውጣት ተቻለ። ሰዓቱን ያወረደው ይኼኛው ነው፣ ገንዘብም አልጠየቀም።

የደካማ መኪና ነገር እንዲህ ነው። ኩርባ ውስጥ የጠፋን 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትልቅ ሞተር በነዳጅ መልሶ ይገዛዋል፤ ቪትዝ እስከ ቀጣዩ ኩርባ ድረስ አትመልሰውም። ለዚህ ነው የሚነዳው እግር ሳይሆን ዓይን የሚሆነው። ዓይን ፊት ለፊት ባለው ጀሪካን ላይ ከተተከለ መኪናው እዚያው ይሄዳል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ያየ ሰው ግን እጁ ራሱ ይለዝባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይግባ። ኩርባ መሃል ነዳጅ በድንገት መልቀቅ የዚህን መኪና ኋላ ያስነሳዋል። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ቀድሞም ቀላል የነበረው ኋላ ይበልጥ ይቀላል፣ ይንሸራተታል። ባዶ ግቢ ውስጥ ሆን ብለን በሰዓት በ35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞከርነው። መልሱ መሪውን ወደ መንሸራተቻው አቅጣጫ መልሶ ነዳጅ በስሱ መስጠት ነው። እግር ፍሬን ላይ ከሄደ ትዞራለች። ይህን ዝናብ የመታው መንገድ ላይ ከመማር እዚህ መማር ይሻላል።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፦ ቀኑ

ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ጠበቅን። የመጡት መኪናዎች፦ የኔዋ ቪትዝ፣ አንድ ዲኤክስ፣ አንድ ላዳ፣ አንድ ሱዙኪ ዲዛየር። የጎማ ዳዶዎች ከመነሳት በፊት በቁልፍ ተረገጡ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ጎማው ሲግል እንደገና። የምንጣፉ ጨርቅ ወጣ፤ ፔዳል ስር የሚገባ ነገር መኪና ውስጥ አይቀመጥም። ወንበሬን ከወትሮው አንድ ጥርስ ወደ ፊት አስጠጋሁት፣ ሄልሜቱ ጣሪያ እንዳይነካ መደገፊያውን ትንሽ አስተኛሁ። ክርን ታጠፍ ካላለ መሪ በትከሻ ነው የሚዞረው፣ ያ ደግሞ ያደክማል።

ሰዓት የያዝነው በስልክ ነው፣ የእጅ ስህተት ስላለው ከግማሽ ሰከንድ በታች ያለውን ልዩነት አልቆጠርነውም። የኔ የመጀመሪያ ዙር 47 ሰከንድ ነበር። ከሰዓት ወደ 41 ተኩል ወርዷል። መኪናዋ ላይ በመሃል የተለወጠ ነገር የለም።

ዲኤክሱ የኋላ ጎማ ስለሚነዳ ጠባቡ መዞሪያ ላይ ኋላውን ወርውሮ ሲዞር ሁሉም ያጨበጭባል። ሲንሸራተት ግን ጎማው እየፈጨ ነው፣ ወደ ፊት አይሄድም፤ ሰዓቱ ከኔ ረዘም አለ። ዲዛየሩ በቀጥታው ያተረፈውን ሰዓት በፍሬን ሣጥኑ ላይ መለሰው። የላዳው ባለቤት ጋሼ ከሁላችን እድሜያቸው ይበልጣል፤ እጃቸው መሪው ላይ ሲንቀሳቀስ አይታይም ማለት ይቻላል። መኪናቸው ከሁሉም የከበደች መሪ ያላት ሆና ሳለ ሰዓታቸው ከዙር ዙር አይለዋወጥም ነበር። ከስላሎሙ መግቢያ ቆሜ አየኋቸው፦ ሦስተኛው ጀሪካን ጋ ሲደርሱ አንገታቸው ቀድሞ ወደ አምስተኛው ዞሯል።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ተከታትዬ ነዳሁና ፔዳሉ እንደ ጠነከረ መኪናዋ ዘግይታ መቆም ጀመረች፣ ሽታውም መጣ። ዘይቱ አልፈላም፣ ሸራው ነው የጋለው፦ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ዘግይቶ ሲቆም ሸራ ነው፤ ፔዳሉ ስፖንጅ ሲሆን ዘይት ነው። ግቢውን ፍሬን ሳልነካ በዝግታ እየዞርኩ አቀዘቀዝኩት። ስናቆም የእጅ ፍሬን አንስብም፤ አንደኛ ማርሽ ይገባል፣ ጎማ ስር ታኮ ይደረጋል። ከዚያ ወዲህ በየዙሩ መሃል ኮፈን ከፍተን ሻይ ጠጣን፣ ፍሬኑም ወደ ወትሮው ተመለሰ።

የሚቀጥለው ሳምንት

ጎማው የመኪናው በር ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ወደ ተጻፈው ግፊት ወረደ፤ 38 ለከተማ መንገድ ይነጥራል። ስኮርታውና ክሪኩ ተመለሱ። ነጭ መስመሮቹ ሁሉም ቡሎን ላይ ቀጥ እንዳሉ ናቸው። የፊት ሸራው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል በልቷል። የቀኝ የፊት ጎማ ውጫዊ ትከሻ ከግራው ይልቅ ተፍቋል፣ ምክንያቱም ረዥሙ ኩርባ ወደ ግራ ነው፤ ፊትና ኋላ አቀያየርኩት።

ሂሳቡ ከእጅ ዋጋና ከእሳት ማጥፊያው ድርሻ ጋር ከ24 ሺህ ብር አለፈ፣ ቤንዚን ሳይጨምር። ከዚህ ውስጥ አምርዛተሩ፣ ቴስቲናው፣ ጎሚኒው፣ የፍሬን ዘይቱ ትራክ ቢኖርም ባይኖርም መቀየር የነበረባቸው ናቸው። ለቀኑ ብቻ ብዬ ያወጣሁት ከእሳት ማጥፊያው ድርሻ ሌላ የለም ማለት እችላለሁ።

ባለቤቱ ሌላ እሑድ ፈቅደውልናል፣ ዝናቡ ሳይገባ። መስመሩን ገልብጠን ረዥሙን ኩርባ ወደ ቀኝ እናደርገዋለን፣ የፍሬን ሣጥኑን ደግሞ ከሚዛኑ አሥር ሜትር እናርቀዋለን። ላዳ ያላቸው ጋሼ ከመነዳቱ በፊት መስመሩን በእግር ሊያስኬዱን ቃል ገብተዋል።